ርካሽ ሞዞ ወይስ ውድ ሞዞ? ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል?

ዳገት_ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኋላ ጎማዬን እንደ አዲስ ላሠራው ነው። ቸርኬው ተመርጧል። ያስቸገረኝ ሞዞው ነው፤ የጎማው መሃል፣ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት አካል። ሦስት አማራጭ ይዣለሁ። አንዱ ስሙ እምብዛም የማይታወቅ፣ ዝግ ኩሽኔታና ሦስት ጥፍር ያለው ርካሽ ሞዞ ነው። ሁለተኛው ዲቲ ስዊስ 350። ሦስተኛው ክሪስ ኪንግ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዋጋው ብዙ ይዘላል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ይዘላል።

የምነዳው የተራራ ብስክሌት ነው፣ የኋላ ሾክ የሌለው። ኮረኮንች፣ ቀጭን የእግር መንገድ፣ አንዳንዴ ጭቃ። ዳገት እወዳለሁ። ውድድር ውስጥ የለሁበትም። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል? "ይፈጥናል" የሚል መልስ በየቦታው አነባለሁ። እንዴት እንደሚያፈጥን ያስረዳኝ ግን የለም።

ቀጭን_ጎማ፦

ፍጥነት የሚለውን ከዝርዝሩ አውጣው። ብስክሌተኛን የሚይዙት ንፋስ፣ ዳገትና የጎማው መንከባለል ናቸው። በደንብ የተስተካከለ ኩሽኔታ የሚበላው ጉልበት ከእነሱ አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው። ሻጮች ጎማውን በእጅ አሽከርክረው "እስካሁን እየዞረ ነው" ይላሉ። ያ ባዶ ጎማ ነው፤ ሰው አልተቀመጠበትም። እንዲያውም ውሃ መከላከያ ጎሚኒው ጥብቅ የሆነ፣ ግራሶው የሞላ አዲስ ሞዞ በባዶው ቶሎ ይቆማል። ግራሶው ያለቀበት፣ ጎሚኒው የላላው ደግሞ ሲዞር ይውላል። ዝናብ ላይ የትኛውን ይዘህ ትወጣለህ?

ክብደቱም ያው ነው። ቸርኬና ጎማ ላይ ያለ ግራም ስትፈጥን ሁለት ጊዜ ያስከፍልሃል፤ ወደ ፊትም ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም። ሞዞ ግን መሃል ላይ ስለሆነ መሽከርከሩ ይህ ነው የሚባል ነገር አይጨምርብህም። ከሞዞ 100 ግራም ብትቀንስ ከውሃ ኮዳህ 100 ግራም እንደመቀነስ ነው። ለዳገት ግራም ግራም ነው፣ አልክድም። ለዚያ ብዬ ግን እጥፍ አልከፍልም። ያንን ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ አውለው። የሴራሚክ ኩሽኔታን ነገርማ ባናነሳው ይሻላል።

ድንጋይ_ለድንጋይ፦

እህታችን ያለችው እውነት ነው፣ ግን የአስፋልት ሰው መልስ ነው። ተራራ ላይ ውድ ሞዞ የሚለየው በአያያዙ ነው።

መርገጥ አቁመህ እንደገና ስትረግጥ ሞዞው እስኪይዝ ድረስ እግርህ ባዶውን ይሄዳል። ሞዞው በአንድ ዙር ውስጥ መያዝ የሚችልባቸው ቦታዎች የመያዣ ነጥብ ይባላሉ፤ 360ን ለነሱ ብዛት አካፍለው። 18 ነጥብ ያለው 20 ዲግሪ ነው። 36 ያለው 10። ክሪስ ኪንግ 72 ነው፣ ስለዚህ 5 ዲግሪ። ኢንደስትሪ ናይን የሚባለው ፋብሪካ ሃይድራ በሚለው ሞዞው ላይ ስድስት ጥፍርና 115 ጥርስ አድርጎ፣ ጥፍሮቹን በየተራ እንዲይዙ አሰናድቶ 690 አድርሶታል። ግማሽ ዲግሪ ገደማ ማለት ነው።

ሰው የሚዘነጋው ግን ይህ ዲግሪ የሞዞው እንጂ የእግርህ አለመሆኑን ነው። የእግርህን ማርሹ ይወስነዋል። ፊት 32 ጥርስ፣ ኋላ 50 ጥርስ ላይ ነህ እንበል። የሞዞው 20 ዲግሪ ፔዳሉ ላይ 31 ይሆናል። ክራንኩ (የፔዳሉ ክንድ) 170 ሚሊሜትር ከሆነ እግርህ እስከ 9 ሴንቲሜትር ባዶውን ሊሄድ ይችላል። በ36 ነጥብ ይህ 4.6 ሴንቲሜትር፣ በ72 ደግሞ 2.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከኋላ 11 ጥርስ ላይ ብትሆን ግን ያው ባለ 18ቱ ሞዞ የሚያሳጣህ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሜዳ ላይ በትልቅ ማርሽ ለሚሄድ ልዩነቱ የለም። በቀላል ማርሽ፣ በድንጋይ መሃል፣ ፔዳሉ ድንጋይ እንዳይመታበት ሩብ ዙር እየረገጠ እየመለሰ ለሚወጣ ሰው ግን ትልቅ ነው። አንተ ዳገት እወዳለሁ ብለሃል። ምን ዓይነት ዳገት?

ዳገት_ወዳድ፦

ድንጋያማ። ቀስ ብሎ የሚወጣ። ልክ የገለጽኸው ነው። እውነት ለመናገር ማርሹ ቁጥሩን እንደሚቀይረው የትም አንብቤ አላውቅም።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ጥፍር ምንድን ነው? ሞዞ ውስጥ?

ጋሽ_ግራሶ፦

አዲስ ገቢ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ካሴቱ፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹ ስብስብ፣ የሚሰካበት ከሞዞው በስተቀኝ የወጣ አካል አለ፤ ፍሪሃብ ይሉታል። ስትረግጥ ሞዞውን ይዞ ይዞራል፣ ስታቆም ይለቀዋል። አብዛኛዎቹ ላይ ይህን የሚሠሩት ጥፍር የመሰሉ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። በሞላ ተገፍተው ውስጡ ጥርስ ያለው ቀለበት ላይ ይነክሳሉ። መርገጥ ስታቆም "ትር... ር... ር" የሚለው ጥፍሮቹ በጥርሱ ላይ ሲንሸራተቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን ሞዞ ዘግይቶ ያዘ ተብሎ ጥገና አይመጣም። እኔ እጅ ላይ የሚደርሰው ወይ ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ነው፣ ወይ የተበላ ፍሪሃብ ነው፣ ወይ የተጣመመ ዘንግ ነው።

ዘንጉን ላስቀድም፤ "ርካሽ" የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል። የመጨረሻው ርካሽ ሞዞ ካሴት አይቀበልም። ማርሾቹ ከነመልቀቂያቸው አንድ ላይ ሆነው ሞዞው ላይ በጥርስ ይጠመዘዛሉ። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሾቹ ወደ ውስጥ ይቀራል። ከኩሽኔታው እስከ ፍሬሙ ያለው ዘንግ ረጅም፣ ቀጭን፣ ደጋፊ የሌለው ይሆናል። ማርሹ በበዛ ቁጥር ይብስበታል። ከባድ ሰው ወይም ኮረኮንች ሲያገኘው ይጣመማል፣ ከዚያ ይሰበራል። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ይዞት የመጣው ፍሪሃብ ኩሽኔታውን ወደ ውጭ፣ ወደ ፍሬሙ አጠገብ አወጣው። ዘንግ መሰበሩም በእጅጉ ቀነሰ። እንግዲህ የሚጠመዘዘው ዓይነት ለተራራ አይሆንም፣ በነፃም ቢሰጡህ። ካሴት የሚቀበለው ርካሽ ሞዞ ግን ሌላ ዓለም ነው። እሱን በቁም ነገር እንነጋገርበት።

ዝግ ኩሽኔታ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 6902 ካለ፣ መጨረሻው ላይ ያለው 02 የቀዳዳውን ስፋት ይናገራል፤ 15 ሚሊሜትር ነው። 03 ከሆነ 17 ነው። 6902 በየትኛውም ፋብሪካ ይሠራ ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። የብስክሌት ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ማሽን ኩሽኔታ ነው። ርካሹ ሞዞ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ቢያልቅ በተሻለ ፋብሪካ ኩሽኔታ ትቀይረዋለህ፣ ሞዞው ተሻሻለ። ስለዚህ ውድ ሞዞ ውስጥ የምትከፍለው ለኩሽኔታው ብቻ ነው ብትል ተሸውደሃል። የምትከፍለው ኩሽኔታው ለሚቀመጥበት ቤት ነው። ቤቱ ልኩ ተጠብቆ ካልተቆረጠ፣ አዲሱ ኩሽኔታ ወይ ይላላል ወይ ተጨንቆ ይገባል። የተጨነቀ ኩሽኔታ ቶሎ ያልቃል። የላላ ደግሞ ቤቱን ራሱን ይበላዋል፤ ያኔ ሞዞው አለቀለት።

ሁለተኛው የምትከፍልበት ውሃ መከላከያው ነው። ኩሽኔታው የራሱ ጎሚኒ አለው። ጥሩ ሞዞ ከሱ ውጭ ሌላ መከላከያ ይጨምራል። ርካሹ ብዙ ጊዜ አይጨምርም። ጭቃ አለብኝ ላለ ሰው ከ72 ነጥብ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ሸክም_አለብኝ፦

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሻንጣ ጭኜ ረጅም መንገድ የምሄድ ሰው ነኝ። ፍሪሃብ የሚሠራበት ብረትም ይታይ። ውዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው፣ ክብደት ለመቀነስ። የካሴት ጥርሶች ግን ብረት ናቸው። በተለይ ማርሾቹ ለየብቻ የሚገቡበት ካሴት ከሆነ፣ በጠንካራ እግር ሲረገጥ አሉሚኒየሙን እየቆረጡ ይገቡበታል። ከጊዜ በኋላ ካሴቱን ለማውጣት መዶሻ ትፈልጋለህ። ርካሹ ሞዞ ግን ብዙ ጊዜ የብረት ፍሪሃብ ይዞ ይመጣል። ይከብዳል፣ አይቆረጥም። ለእኔ ይሄ ጉድለት አይደለም።

ደግሞ ስለ ሺማኖ ልቅ ብይ (ብዮቹ እንደ ዝግ ኩሽኔታ ያልታሸጉበት ሞዞ) ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። ዲኦሬ ዓይነቱ ሞዞ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ኮን ቁልፍና ግራሶ ካለህ መንገድ ዳር ትፈታዋለህ። የኋላው በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሩብ ኢንች ብይ ነው። ብይ ደግሞ የትም ይገኛል። እንደ ዝግ ኩሽኔታ መጭመቂያ መሣሪያ አይፈልግም።

ጋሽ_ግራሶ፦

ሸክም አለብኝ፣ ተባረክ። ልቅ ብይ የናቁት ሰዎች ሳያስተካክሉት የነዱት ናቸው። የብዩ አቀማመጥ ሰያፍ ስለሆነ የጎን ጫናን በደንብ ይሸከማል። ግን ሰው ይፈልጋል። ከላላ ብዩ ይቀጠቅጣል፣ ከጠበቀ ይፈጫል። ኮን የሚባለው ሾጣጣ ብረት ጉድጓድ ካወጣ ተቀይሮ ይድናል። ብዩ የሚሄድበት የሞዞው ጎድጓዳ ቤት ከተቆረቆረ ግን መለዋወጫ ብዙም አይገኝለትም። ስለዚህ ግራሶውን ሳታሳልፍ የምትቀይር ከሆንህ ዕድሜ ይሰጥሃል። "ገጥሜው ልርሳው" የምትል ከሆነ ዝግ ኩሽኔታ ግዛ።

በፈጣን መክፈቻ ዘንግ ለሚገጠም ልቅ ብይ አንድ ምክር። መክፈቻውን ስታጠብቅ ዘንጉ በትንሹ ይጨመቃል፣ ብዩም አብሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ጎማው ከብስክሌቱ ወጥቶ ስታስተካክለው ቅንጣት ያህል ላላ ይበል። ሲታሰር ልኩን ይይዛል።

ዝም_ያለ_ሞዞ፦

ስለ ድምፅ የሚያወራ የለም? ውዶቹ እንደ ንብ መንጋ ይጮኻሉ። ሰዉ ደግሞ ጩኸቱን የጥራት ምልክት አድርጎ ይዞታል። ዝምታ የምትፈልጉ ኦኒክስ የሚባለውን ሞዞ እዩት። ጥፍር የለውም፤ በሚጨናነቁ ትንንሽ ብረቶች ነው የሚይዘው። ድምፅ የለም፣ ባዶ ጉዞም የለም ማለት ይቻላል። ክብደት ግን አለው።

ድንጋይ_ለድንጋይ፦

ድምፁን ለመቀነስ ብለው ጥፍሩ ላይ ወፍራም ግራሶ የሚጠቀጥቁ አሉ። ተዉ። በተለይ ብርድ ሲሆን ግራሶው ይጠጥርና ጥፍሩ ሳይነሳ ይቀራል። ቆመህ በሙሉ ኃይልህ ስትረግጥ ከለቀቀህ ደረትህ መሪው ላይ ነው የሚያርፈው።

አዲስ_ገቢ፦

ታዲያ 690 ነጥብ ካለ ሁሉም ሰው እሱን ለምን አይገዛም? ከገንዘቡ ሌላ ማለቴ ነው።

ድንጋይ_ለድንጋይ፦

ሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ጥርሱ በበዛ ቁጥር ያንሳል። ያነሰ ጥርስ ቆሻሻና ስህተት አይወድም፤ አሠራሩ እጅግ የተጣራ መሆን አለበት። ርካሽ ሞዞ "120 ነጥብ" ብሎ ሲመጣ እኔ እሸሻለሁ። ከርካሽ ፋብሪካ የምፈልገው ጥቂት፣ ትልልቅ፣ ጠንካራ ጥርስ ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ላይ ሾኩ ሲጨመቅ ካቴናው ይሳባል፣ ፔዳሉም ወደ ኋላ ይመታሃል። ሞዞው ውስጥ ያለው ክፍተት ያንን ምት በከፊል ይውጠዋል። ቁልቁለት የሚወርዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ሆን ብለው ቀስ ብሎ የሚይዝ ሞዞ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጠያቂያችን የኋላ ሾክ ስለሌለው ይሄ አይመለከተውም።

ቀጭን_ጎማ፦

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የመለዋወጫውስ ነገር? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለስም የለሹ ሞዞ ፍሪሃብ ይገኝለታል? ኩሽኔታው የትም ይገኛል፣ ተስማማን። ፍሪሃቡና የጎን ክዳኑ ግን የዚያ ሞዞ ብቻ ናቸው። ፋብሪካው ሞዴል ከቀየረ ደህናውን ቸርኬና ሽቦ ይዘህ ቁጭ ነው። ሞዞ ለመቀየር ደግሞ ጎማውን በሙሉ ማፍረስ ነው። የሠሪው ድካም ከሞዞው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የማርሹ ዓይነትም አብሮ ይታይ። የድሮው የሺማኖ ፍሪሃብ ዓይነት፣ ኤችጂ የሚሉት፣ ከ11 ጥርስ በታች አይቀበልም። ከ10 ጥርስ የሚጀምሩት ካሴቶች የስራምን ኤክስዲ ፍሪሃብ ወይም ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጣውን ማይክሮ ስፕላይን ይፈልጋሉ። ነገ ካሴት ብትቀይር ሞዞህ ፍሪሃቡን ብቻ ቀይሮ ይከተልሃል ወይ? እኔ ብሆን ውሳኔዬን እዚህ ላይ አደርገዋለሁ።

ጋሽ_ግራሶ፦

ልጄ ልክ ብለሻል። ዲቲ ስዊስ 350ን የምወድለትም በዚህ ነው። አሁን ስሙን ስለጠራን ውስጡን ላስረዳ። ጥፍር የለውም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች በሞላ ተገፍተው ይገናኛሉ። ሲይዝ ጥርሱ በሙሉ አንድ ላይ ይይዛል፤ ጫናው ሁለት ሦስት ጥፍር ላይ አይወድቅም። ለማጽዳት የጎን ክዳኑን በእጅ ስበህ ታወጣለህ፣ ፍሪሃቡ ተከትሎ ይወጣል፣ ቀለበቶቹ እጅህ ላይ ናቸው። ድሮ በ18 ጥርስ ይመጣ ነበር፣ አሁን በ36 ነው። 54 ከፈለግህ ቀለበቶቹን ብቻ ትቀይራለህ። ፍሪሃቡን ከኤችጂ ወደ ሌላው መቀየርም እንዲሁ ነው።

የዚያው ፋብሪካ 240 የሚባለው ይበልጥ ይወደዳል። ዋናው ልዩነታቸው ክብደት ነው። ስለ ክብደት ደግሞ ቀጭን ጎማ ተናግራለች።

ሸክም_አለብኝ፦

ክሪስ ኪንግስ? ገንዘቡ ሜዳ ላይ ነው የወደቀው?

ጋሽ_ግራሶ፦

አይደለም። ኩሽኔታውን ራሱ ኦሬገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ይሠራል። መከላከያው ተነቅሎ ይወጣል፤ ኩሽኔታውን አጥበህ፣ ግራሶ ሞልተህ መልሰህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ኩሽኔታው አለቀ ተብሎ ቶሎ አይጣልም። የሚነዳ ሰው ካለው ቸርኬ እየቀያየረ ያንኑ ሞዞ ዓመታት ይይዛል። ግን ሙሉ በሙሉ ለመፍታት የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ኩሽኔታውም ከሱ ውጭ ከየትም የሚገዛ አይደለም። ሁሉን ነገር ራሱ መፍታት ለሚወድ፣ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ነው። ደግሞ ያምራል። ለውበት መክፈል ኃጢአት አይደለም፣ ለውበት መሆኑን እስካወቅህ ድረስ።

ዝም_ያለ_ሞዞ፦

ስለዚህ ጋሼ ርካሹን ጨርሰው ጣሉት?

ጋሽ_ግራሶ፦

አልጣልሁትም። ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ፣ ዝናብ ለማይመታው፣ የብረት ፍሪሃብ ያለው ርካሽ ሞዞ ከበቂ በላይ ነው። ደግሞ ርካሽ ሞዞ በጥሩ እጅ የተሠራ ጎማ ላይ ሆኖ ውዱን በመጥፎ እጅ የተሠራውን ያስንቃል። የሽቦው ውጥረት እኩል ካልሆነ ሽቦ መበጠሱ አይቀርም፣ ሞዞው ወርቅ ቢሆንም። ሁለቱን ለመግዛት ገንዘብ ካልበቃህ፣ ሞዞውን ዝቅ አድርገህ ሠሪውን ከፍ አድርግ።

ልትገዛው ያለኸውን እጅህ ላይ ፈትነው። ዘንጉን በጣትህ ቀስ ብለህ አዙረው። አሸዋ እንዳለበት የሚቆረቁር ከሆነ መልስ። ትንሽ ከብዶ ግን ሳይቆራረጥ ከዞረ ጎሚኒው ነው፣ ደህና ነው። ፍሪሃቡን ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። በጣም ጥቂት መነቃነቅ ችግር የለውም። ከተንገዳገደ ተወው።

ከገዛህ በኋላ ደግሞ በግፊት ውሃ ሞዞው ላይ አትርጭ። የትኛውም ጎሚኒ ያንን አይችለውም፣ ውድም ሆነ ርካሽ።

ዳገት_ወዳድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም። 350ውን በ36 ጥርስ ልወስድ ነው። ጭቃ አለብኝ፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ራሴ እፈታዋለሁ። ከክሪስ ኪንግ የተረፈው ለጎማና ለሠሪው ይሆናል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። 54ቱን ቀለበት አሁኑኑ ላድርገው? ሽቦውንስ ዛሬ ልዘዘው? ቸርኬው 32 ቀዳዳ ነው።

ድንጋይ_ለድንጋይ፦

በ36 ጀምር። 4.6 ሴንቲሜትሩ ካናደደህ ያኔ ትቀይረዋለህ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስትቀይር ፋብሪካው ለቀለበቶቹ ብሎ የሚያዘጋጀውን ግራሶ ተጠቀም፣ ስስ አድርገህ።

ጋሽ_ግራሶ፦

ሽቦውን ዛሬ አትዘዝ። መጀመሪያ ሞዞው እጅህ ይግባ። ሽቦው የሚሰካበት የሞዞው ክንፍ ስፋት ከሞዞ ሞዞ ይለያያል፤ በድረ ገጽ የተጻፈውም ሁልጊዜ የያዝኸው ሞዴል ላይሆን ይችላል። ራስህ ለካው። ስታዝም የዘንጉን ልክ ከፍሬምህ ጋር አመሳክር፤ 142 ሚሊሜትር ነው ወይስ ቡስት የሚሉት 148? የፍሬን ዲስክህ ባለ ስድስት ቡሎን ነው ወይስ ሴንተር ሎክ የሚሉት ዓይነት? ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ የሚቀበለውን ምረጥ። ቀጥ ያለ ሽቦ የሚገባበት ያምራል፣ አንዱ ሲበጠስ ግን ምትኩን ማግኘት ይከብዳል። ርዝመቱን ስታሰላ የግራና የቀኝ እኩል እንዳይመስልህ። በካሴቱ ምክንያት የቀኙ ክንፍ ወደ መሃል ስለሚጠጋ የቀኙ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሜትር ሁለት ሚሊሜትር ያጥራል። ለየብቻ አስላ፣ ከየጎኑም መጠባበቂያ አስቀር።